ከወፍጮው በላይ ያለው ምንጭ

እንግሊዝ አገር እግሬ ረግጦ አያውቅም። ቪዛም ጠይቄ አላውቅም። ቢሆንም እዚያ አገር ውስጥ አንዲት መንደር አለች፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድባት አልጠፋም። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ግራ ሲታጠፉ ወፍጮ ቤቱ፣ ከሱ ቀጥሎ የድሮው አንጥረኛ ጎጆ፣ ከዚያ ሣር የለበሰው አደባባይና ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ፣ ከኩሬው ማዶ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ይህን ሁሉ የተማርኩት ሮም ውስጥ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ በእግር አሥር ደቂቃ በሚርቅ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አሮጊት አጠገብ ደብተር ይዤ ተቀምጬ ነው። ያቺን መንደር ያበላሸኋትም እኔው ነኝ።

ሲኞራ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው ጣልያናዊ አግብተው ከእንግሊዝ ሮም መጡ፣ ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞተባቸው፣ እሳቸውም እዚያው ቤት ውስጥ አረጁ። እኔ ስቀጠር ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ዩሮ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እዚያው እያደርኩ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ኮንትራቴ በሳቸው ስም ነው፤ ፔርሜሶዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በኮንትራቱ ነው፤ አልጋዬም ያለው የሳቸው ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። እሳቸው ከዚያ ቤት ከወጡ እኔም ወጣሁ ማለት ነው። ይህን የማነሣው አልወዳቸውም ነበር ለማለት አይደለም። እወዳቸው ነበር። ግን ሰው የሚወደውን ሰው እየጦረም ስለ ፔርሜሶው ያስባል፤ አላስብም የሚል ካለ ሮም አልኖረም።

አንድ ቀን ከመንደራቸው ደብዳቤ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች የመንደሩን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትሙ አስበዋል፤ ከአገር የወጡ አዛውንት የሚያስታውሱትን ጽፈው እንዲልኩ ይለምናሉ። ሲኞራ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከጦርነቱ በፊት የነበረውን መንደር የሚያስታውስ ከሳቸው ሌላ ብዙ ሰው አልቀረም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግን መጻፍ አይችሉም። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ፣ የእጅ ጽሑፌ ሲመሰገን ነው ያደግሁት፣ እንግሊዝኛዬም ከአፋቸው ተቀብሎ ለመጻፍ አያንስም። ወፍራም ደብተር ገዛሁና በየቀኑ ከምሳ በኋላ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ሚካኤል ነው" የሚል ነበር።

"የኛም" አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ የምትገኘው የተወለድኩባት መንደር ደብሯ ሚካኤል ነው።

ሲኞራ ሳቁ። "አሎራ፣ እንግዲያ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ነን" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ሥራ ሥራ መሆኑ ቀረ።

መንደሪቱ ከአንዲት የገበያ ከተማ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ ትርቃለች። ታሪኳም ከዚያች ከተማ ጋር ሲጎሻሸሙ መኖር ነው። ወረርሽኝ በገባ ዘመን ከተሜው ወደ መንደሩ መግባት ፈርቶ፣ ድንበሩ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ እህል እያስቀመጠ ይሸሽ ነበር፤ ድንጋዩ አሁንም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሰዓት በሦስት በኩል ብቻ ይታያል፤ ወደ ከተማው የዞረው ጎን ባዶ ግንብ ነው። መንደርተኛው "ለከተሜ ሰዓት በነፃ አንሰጥም" ብሎ ነው አሉ። ባላባቱ የጋራውን ግጦሽ አጥሮ የግሉ አደረገው፤ ድሆቹ ላሞቻቸውን ሸጠው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተማው ወረዱ። ከዚያ ያው ባላባት ነፍሱ እንድትማር ለስድስት መበለቶች ስድስት ክፍል ሠራ። "የኛም አገር ባላባት ይኸው ነው፣ ቀምቶ ይመጸውታል" አልኩና እየተናደድኩ ጻፍኩት። አደባባዩ ላይ የቆመው የድንጋይ መስቀል ከጦርነት ያልተመለሱ ልጆች ስም ተቀርጾበታል፤ የአንድ ቤተሰብ ስም አራት ጊዜ ይደጋገማል። ሲኞራ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ባቡር መጣ፣ ባቡር ቀረ። ከተማው በየዓመቱ አንድ አንድ ማሳ እየበላ ቀረበ።

ችግሩ የጀመረው ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነው። "ከወፍጮው አልፈሽ ሽቅብ ስትወጪ አንድ... አንድ..." አሉና ቆሙ። ጠበቅሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኛ ቤት ሽማግሌ ሲናገር ቃል ጠፍቶበት እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው። አያቴ እንግዳ ፊት የዘር ሐረግ ሲቆጥር አንዱ ስም ያመለጠው እንደሆነ፣ እናቴ ጠላ እየቀዳች ስሙን በቀስታ ጣል ታደርግለታለች፤ እሱም ራሱ እንዳስታወሰው ሁሉ ተቀብሎ ይቀጥላል። ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም። ትክክለኛውን ስም እርግጠኛ ባትሆን እንኳ አንድ ስም ታቀብለዋለች። ሽማግሌ ሰው ፊት ከሚያፍር አንድ ቅድመ አያት ቢሳሳት ይሻላል። እኔም የተቀረጽኩት እንዲህ ነው።

"ምንጭ አለ" አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? የኛ መንደር ከወፍጮው በላይ ምንጭ አለ፤ የሚካኤል ጠበል ነው። የሲኞራ ፊት በራ። "ሲ፣ ሲ፣ ምንጭ" አሉ። እኔም ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። እሳቸው ሲያዳግታቸው እኔ አቀብላለሁ። ከኩሬው ማዶ ምን እንደነበረ ጠፋባቸው፤ የተጣላ የሚታረቅበት ትልቅ ዛፍ ሰጠኋቸው። የሚካኤል ዕለት ሰዉ ምን ያደርግ እንደነበር ጠፋባቸው፤ ሴቶች ከምንጩ ውሃ ቀድተው ለበሽተኛ ይወስዱ ነበር አልኩ። እንዲህ ስል ክፉ ሥራ የሠራሁ አልመሰለኝም። ሳህን አቀብሎ "እጅዎን ይታጠቡ" እንደ ማለት ነበር። በዚህ መሐል የሳቸው ማስታወስ ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ፣ የኔ ማቀበል እየበዛ ሄደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ይከብድ ጀመር።

ዘመድ የሚባል ያላቸው አንድ የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነው። እሱም ስልሳ ያለፈው፣ እዚያችው የገበያ ከተማ ተወልዶ የኖረ ሰው ነው። ሲኞራ ሥራችን እየተፋጠነ መሆኑን እንዲያይ ብለው የደብተሩን ሃያ ገጽ አስገልብጠው ላኩለት። ፖስታ ቤት ወስጄ የላኩት እኔ ነኝ። ቴምብሩንም የላስኩት እኔ ነኝ።

መልስ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ከፍርድ ቤት ፖስታ መጣ። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። የወንድምየው ልጅ አክስቱ አእምሯቸው እየደከመ ስለሆነ በሕግ አስተዳዳሪያቸው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከተፈቀደለትም ቤቱ ተዘግቶ እሳቸው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። ዳኛዋ ራሷ ቤት ድረስ መጥታ ሲኞራን ልታነጋግር ነው። አንድ ወር ተሰጥቶናል።

ለሲኞራ አነበብኩላቸው። ቡናቸውን ጨረሱ፣ ስኒውን አስቀመጡ። "ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "ደብተሩን አምጪ፣ መበለቶቹን አልጨረስናቸውም" አሉ።

ሰውዬው የዚያ አገር ተወላጅ ነው። ምንጩ እንደሌለ ያውቃል። "አእምሯቸው ደክሟል" ያሰኘው የኔ ምንጭ እንጂ የሳቸው በሽታ አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ሌላ ደብተር ገዝቼ፣ እሳቸው ከሰዓት በኋላ ሲያሸልቡ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ታሪኩን እንደገና መገልበጥ ያዝኩ። ምንጩን አወጣሁ። ዛፉን አወጣሁ። የሚካኤልን ዕለት ውሃ አወጣሁ። በአራት ቀን ጨረስኩና አሮጌውን ደብተር የልብስ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ደበቅሁ።

በአምስተኛው ቀን "አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩ። ወፍጮ ቤቱን አልፌ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ወጣሁ።

"ምንጩስ?" አሉ።

"እ?"

"ምንጩን ዘለልሽው።"

ገጹን ያገላበጥኩ መሰልኩ። ሲኞራ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ ቁጣ ነው ፍርሃት ባልለየሁት ድምፅ "ማን አወጣው? እሱ ነው ያስወጣሽ? ልጄ፣ ምንጩ ከሌለ ያ የኔ መንደር አይደለም" አሉኝ። ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ጠዋት አሮጌውን ደብተር ከልብሴ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ መለስኩት።

ሐሙስ የዕረፍት ከሰዓቴ ነው። በርበሬና ኮረሪማ ልገዛ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ስሄድ፣ በሥራ ከኔ አሥር ዓመት የምትቀድም ጓደኛዬን አገኘኋት። ከከተማው ዳር፣ ሮማኒና ሰፈር ነው የምትኖረው። ቅመም ተራው መሐል ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ሳቅ ትላለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ለዳኛዋ ልነግራት ነው" አልኳት።

"ምን ብለሽ?"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እሳቸው ጤነኛ ናቸው ብዬ።"

"ስሚ" አለች፣ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ። "አንቺ አሮጊት ቤት የምትኖሪ ባዳንቴ፣ የአሮጊት ጠባቂ ነሽ። በአሮጊቷ ጆሮ የሌለ ነገር ስትጨምሪ እንደኖርሽ በአፍሽ ልትመሰክሪ ነው? ነገ 'የቤቱንስ ወረቀት በጆሯቸው አልጨመረችም ወይ?' ይሉሻል። ፔርሜሶሽ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ከሁለት ወር በኋላ።"

"በይ አፍሽን ሰብስቢ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።" ዘንቢሏን አነሣች። "ቫ ቤኔ? እሺ?"

"ቫ ቤኔ" አልኳት። ቤት እስክደርስ ግን እውነቷን ነው እያልኩ ተናደድኩባት። እውነት የሚናገር ሰው ያናድዳል፣ በተለይ የፈራሽውን ነገር ቀድሞ ሲናገርልሽ።

ዳኛዋ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሲኞራን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አልብሼ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ ሳሎን አስቀምጫቸዋለሁ። ሰውዬው ቀድሞ ደርሶ የአክስቱን ጉንጭ ሳመ፤ በክንዱ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ክፉ መልክ የለውም። ክፉ መልክ ቢኖረው ምንኛ በቀለለኝ። ዳኛዋ ከጠበቅኋት በላይ ወጣት ነች፤ ከጸሐፊዋ ጋር ገባች፣ ዣንጥላዋን ተቀበልኳት፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ጥያቄው ቀላል ነበር። ዛሬ ምን ቀን ነው? ማክሰኞ። ምግብ የሚያበስልልዎ ማነው? "እሷ፤ ጨው ታበዛለች።" ባለቤትዎ የት ተቀበሩ? መካነ መቃብሩን፣ ረድፉን፣ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ሳይቀር ተናገሩ። ዕድሜዎስ? "የሴት ዕድሜ ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ ደረጃ የወጡት?" ጸሐፊዋ ሳቀች። ዳኛዋም ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ ሰውዬው ተነሣና የተጠቀለለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ካርታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ሆኖ የኖረ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው። በተሰባበረ ጣልያንኛ፣ በጣቱ እያሳየ አስረዳ። ይህ ድልድዩ። ይህ ወፍጮው። ይህ ኮረብታው። "እዚህ ኮረብታ ላይ ልጅ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ ኋላም ለክቼዋለሁ" አለ። "ምንጭ የለም። ኖሮም አያውቅም። ያ ዛፍም የለም። ሴቶች ውሃ የሚወስዱበት በዓልም የለም።" የላክሁለትን ሃያ ገጽ ከካርታው አጠገብ አስቀመጠ። እሱ ያሰመረበት ሁሉ የኔ ነው። አንድም የሳቸው የለበትም።

ዳኛዋ ካርታውን አየች፣ ገጾቹን አየች። "ሲኞራ፣ ይህ ምንጭ አለ?" አለቻቸው።

"አለ እንጂ" አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። "የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። እናቴ በሻል ጠቅልላ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሸክማኝ ወጣችና በዚያ ውሃ አጠበችኝ። ውሃው አጥንት ድረስ ይገባል። በማግስቱ ዳንኩ።"

ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። እኔ የሰጠሁት ምንጩን ብቻ ነው። እናታቸውን ወደዚያ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ የውሸት አልነበረም፤ የሞተች እናቱን ያገኘ ሰው ደስታ ነው።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። "አያቴ፣ የሳቸው እናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ ሽባ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ተሸክማ ኮረብታ ልትወጣ አትችልም።"

ዳኛዋ ለጸሐፊዋ አንድ ነገር አጻፈቻት። የብዕሩ ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል። ሁለት ነገር ተፋጠጠብኝ። ዝም ብል እኚህ ሴት በኔ ምንጭ ምክንያት እብድ ተብለው ከቤታቸው ይወጣሉ። ብናገር ደግሞ አሁን ያገኟትን እናታቸውን በአደባባይ ልነጥቃቸው ነው። የፔርሜሶው ነገር፣ አልዋሽም፣ እሱም መጣብኝ። መጣና አለፈ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምንጩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛፉንም፣ በዓሉንም። የኔ መንደር ነው። ሲኞራ ቃል ሲጠፋባቸው እንዳያፍሩ ብዬ አቀበልኳቸው። እኛ አገር እንዲህ ነው። እሳቸው ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ። "ስለዚህ እርስዎ የሌለ ነገር ሲነግሯቸው ያምናሉ" አለችኝ። "አምነውም፣ የራሳቸው ትዝታ አድርገው ይይዙታል።"

ሰውዬው በካርታ ያላስረዳውን እኔ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሳይናገሩ የቀሩት ሲኞራ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙና ወደ ዳኛዋ ዞሩ። "ይቅርታ ያድርጉላት" አሉ። "ከኔ ጋር ተዘግታ ስለምትውል ደክሟታል። እንግሊዝ አገር ሄዳ አታውቅም፣ ምንጩን በምን ታውቀዋለች?" አዘኑልኝ። እኔ ለሳቸው ሳደርግ የኖርኩትን፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ለኔ አደረጉልኝ።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ሰውዬው አስተዳዳሪ ሆነ። ሮም ካለ መኖሪያ ይልቅ እዚያው በሱ ከተማ፣ ቤቱ አቅራቢያ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባቸው ወሰነ። በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ አለ፤ የሚያደርገውም ይመስለኛል። የኔንም ሒሳብ በአግባቡ ከፍሎ ጨረሰ። ስለ አፌ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ በሕግም የጠየቀኝ የለም። ጓደኛዬ የፈራችው ሁሉ አልደረሰም፤ የደረሰው ሌላው ነው።

ሲኞራ ሁለት ቀን አለቀሱ፣ ሰደቡት፣ እኔንም ሰደቡኝ። በሦስተኛው ቀን ተዉት። መሄጃቸው ሲደርስ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ፤ ቀለላቸው። ሻንጣቸውን ስዘጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው "ምን ይደረጋል፣ ቢያንስ ምንጩን አያለሁ። ከተማው ቅርብ ነው፤ ይወስደኛል" አሉኝ።

ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። ብቻችንን ነበርን፣ ዳኛ የለም፣ ካርታ የለም። ጊዜውም ነበረኝ፤ ታክሲው ገና አልመጣም። ግን ሊሄዱ የተነሡ ሽማግሌን እንዴት ብዬ?

"ምንጩን ሰላም በሉልኝ" አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩ።

እኔ ሮማኒና ጓደኛዬ ጋ ገባሁ። ክፍሏ ውስጥ ሁለተኛ አልጋ ዘረጋች፣ አንዲት ቃል "ብዬሽ ነበር" አላለችም። ጠዋት ጠዋት ሰው ቤት ልብስ ለመተኮስ መሄድ ጀመርኩ። ፔርሜሶዬን ለማደስ የሚያበቃ ኮንትራት የሚሰጠኝ ሰው እፈልግ ነበር፤ ያም ጭንቅ ነበር፣ ግን ሌላ ጭንቅ ነው። ሰልፍ ይያዛል፣ ቀን ይቀጠራል፣ ያልቃል። እንዲህ እያልኩ ሳለሁ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የእንግሊዝ ነው።

ሰውዬው ነው። ዝናብና ነፋስ ከድምፁ ጋር ይሰማል። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሌላ የምደውልለት ሰው የለኝም አለኝ። አክስቱን መንደሩን ሊያሳያቸው አምጥቷቸው ነው። ኩሬውን አይተው ደስ አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን አይተው ደስ አላቸው። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ግን ሽቅብ ካልወጣን አሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ አወጣቸው። ሲያጡት አወረዳቸው። እንደገና አስወጡት። "አንድ ሰዓት ሆነን" አለ። "በስብሰዋል። ወደ መኪናው አልመለስም ይላሉ። የተሳሳተ መንደር ነው ያመጣኸኝ ይሉኛል። እባክዎ ያነጋግሯቸው።"

"ስልኩን ያቅርቡላቸው" አልኩ።

"ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" አሉ በጣልያንኛ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። "ይህ ሰውዬ አገሩን አያውቀውም። መንገዱን ንገሪው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

እርጥብ አንሶላ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ደርቋል ማለት ይቻል ነበር። ደርቋል ሲኞራ፣ መንገድ ተሠርቶበታል፣ ይግቡና ይሙቁ ብል ሰውዬውም ባረፈ፣ እሳቸውም አልቅሰው በገቡ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን መቼ ደረቀ ይሉኛል፣ ማን ደፈነው ይሉኛል፤ ያንንም ላቀብል ነው፣ ከዚያም ሌላ ላቀብል ነው፤ ነገም በዝናብ የተደፈነውን ቦታ ሊፈልጉ ይወጣሉ። ፈራሁ። የሌለ ነገር ሲፈልጉ ብርድ ገድሎ ያስቀራቸዋል ብዬ ከአንጀቴ ፈራሁ።

"ሲኞራ" አልኩ። "ምንጩ እዚያ የለም። ያለው የኔ አገር ነው። ያኔ ለዳኛዋ የነገርኳት እውነት ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁዎት።"

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣልኩት።

"እናቴስ?" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"እናቴ። ትኩሳት ይዞኝ ተሸክማኝ የወጣችው። የት ነው ታዲያ የወሰደችኝ?"

ያን ጊዜ የማቀብለው አጣሁ። ፈለግሁ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ አንድ ቃል ፈለግሁ።

"አላውቅም፣ ሲኞራ" አልኳቸው።

"ቫ ቤኔ" አሉ። "አመሰግናለሁ፣ ልጄ።" ሻይ ሳቀርብላቸው በሚሉት ድምፅ ነው ያሉት። ስልኩን ሳይዘጉ ለሰውዬው መለሱለት። በእንግሊዝኛ "እንሂድ፣ እዚህ የማውቀው ነገር የለም" ሲሉት ሰማኋቸው።